ከካዛንቺስ እስከ አዋሽ፦ በዱር ፓርክ ውስጥ የሚደረግ የታንኳ ጉዞ ምን ይፈልጋል?

ካዛንቺስ ላይ የሚዘንበው የክረምት ዝናብ ባሕር አይደርስም። ከአስፋልቱ ወደ ቦዩ፣ ከቦዩ ወደ ባንተይቀጡ ወይም ወደ ቀበና ወንዝ ይገባል። ከዚያም በትልቁ አቃቂ አድርጎ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርድና አዋሽን ይቀላቀላል። በቆቃ ሐይቅ በኩል አልፎ መተሐራን ይሻገራል፣ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክን ያቋርጣል፣ በመጨረሻም በአፋር ምድር ከጅቡቲ ጠረፍ አጠገብ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ከእንጦጦ ሸንተረር በስተሰሜን ሱሉልታ ሜዳ ላይ የወረደው ዝናብ ግን በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል። በአንድ ተራራ ሁለት ጎን የዘነበ ውኃ ዳግመኛ አይገናኝም።

ይህን የውኃ መንገድ ተከትለው ወደ በረሃው የሚወርዱ ሰዎችም አሉ። የጎማ ጀልባ ወይም ታንኳ በመኪና ጭነው፣ ድንኳንና ስንቅ ይዘው፣ በወንዝ ዳር እያደሩ ለቀናት የሚቀዝፉ ቡድኖች ናቸው። በአዲስ አበባ በየሳምንቱ መጨረሻ ተራራ የሚወጡ የእግር ጉዞ ቡድኖች እየተለመዱ መጥተዋል። የወንዝ ጉዞ ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በተራራ ላይ የደከመ ሰው ቁጭ ብሎ ያርፋል፤ ወንዝ ውስጥ የገባ ሰው ግን ውኃው ባለበት አያቆየውም። ስለዚህም ጉዞው እንዴት እንደሚካሄድ ማወቅ ለተጓዡ ብቻ ሳይሆን ማሳውና የከብቶቹ ውኃ መጠጫ ወንዙ ዳር ለሆነው አርሶ አደርም ይጠቅማል።

ታንኳ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። በጣና ሐይቅ ዳርቻ ደንገል ታጭዶ፣ ደርቆና በጥብቅ ታስሮ የሚሠራው ታንኳ ከዘጌ ማገዶ ወደ ባሕር ዳር ሲያመላልስ፣ ዓሣ ሲያስግር፣ ምእመናንን ወደ ገዳማቱ ሲያሻግር ኖሯል። በሥራው ከሁሉ የሚታወቁት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው። ደንገሉ ውስጡ አየር ስላለው አይሰምጥም፤ ሆኖም ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከአገልግሎት በኋላ ፀሐይ ላይ መውጣት ይኖርበታል። ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 የአትላንቲክን ውቅያኖስ ለማቋረጥ «ራ» የተባለውን ጀልባ ሲያሠራ ደንገሉን የወሰደው ከጣና ነበር። ከጣና ቀዛፊዎች ለዛሬው ተጓዥ የሚተርፍ አንድ ልማድ አለ፦ ረጅሙን መሻገሪያ በማለዳ መጨረስ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ሐይቁ ይናወጣልና።

በኢትዮጵያ ወንዞች ላይ የተካሄዱት የቡድን ጉዞዎች ታሪክ የጀብዱ ብቻ ሳይሆን የሐዘንም ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 የስዊዘርላንድና የፈረንሳይ ዜጎች ያሉበት ቡድን ዓባይን በታንኳ ሲወርድ በሰፈረበት ቦታ በሽፍቶች ጥቃት ደርሶበት ሁለት አባላቱ ተገድለዋል። እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ በብሪታንያዊው መኮንን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራው ትልቅ ቡድን በአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ፈቃድ ኢትዮጵያውያንንም ጨምሮ በዚያው ወንዝ ላይ ተሠማራ። በዚህ ጉዞ አንድ የብሪታንያ ወታደር ሰጥሞ ሞተ። ሕይወቱን ያጣው በዋናው ዓባይ ላይ አልነበረም፤ ከገባሮቹ አንዱን ለመሻገር ሲሞክር ነበር። የገጠር ሰው ይህን ሲሰማ አይደነቅም። በክረምት ብዙ ሰው የሚወሰደው በትልቁ ወንዝ ሳይሆን «ትናንት በእግሬ ተሻግሬዋለሁ» በተባለው ጅረት ነው።

አሜሪካውያኑ ሪቻርድ ባንግስና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1973 አዋሽንና ኦሞን በጎማ ጀልባ ከወረዱ በኋላ ጉዞው ከአሳሾች ሙያነት ወደ ቱሪዝም ገበያ ተሸጋገረ። ድርጅታቸውን «ሶቤክ» ያሉት በጥንታዊት ግብፅ በአዞ አምላክ ስም ነው፤ የመረጡት ስም የሚያሳስባቸው ምን እንደነበር ያሳያል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 ከዓባይ ምንጭ የተነሡት ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ደግሞ በ114 ቀናት ውስጥ ሜዲትራኒያን ባሕር ደርሰዋል።

ዛሬ የእነዚያን ሰዎች ፈለግ ልከተል የሚል ቡድን ያንኑ ወንዝ አያገኝም። በኦሞ የሚጓዙት ቀድሞ የሚነሡት በአዲስ አበባ–ጅማ መንገድ ላይ ካለው የጊቤ ድልድይ ነበር። 243 ሜትር ከፍታ ያለው የጊቤ 3 ግድብ በ2009 ዓ.ም ከተመረቀ ወዲህ ከድልድዩ በታች ያለው ረጅም ገደላማ ክፍል ሐይቅ ሆኗል፤ ከእርሱ በታች ደግሞ የኮይሻ ግድብ እየተሠራ ነው። የዓባይም የታችኛው ክፍል ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም በተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ምክንያት የንጋት ሐይቅ አካል ሆኗል። ይህ መጥፎ ዜና ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ ሐይቅም ለታንኳ ይሆናል። ነገር ግን ከሃምሳ ዓመት በፊት የተጻፈን የጉዞ ማስታወሻ እንደ ካርታ ይዞ መውረድ አደገኛ ነው።

ለአዲስ አበባ ቡድን ቅርቡ የዱር ፓርክ ወንዝ እንግዲህ አዋሽ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1966 ተቋቁሞ በ1969 በሕግ የታወጀ ሲሆን ከመዲናዋ በስተምሥራቅ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ሳላ የሚሰማራበት ሜዳ፣ የፈንታሌ ተራራና በሰሜን ጫፉ ያሉት ፍል ውኃዎች መለያዎቹ ናቸው። ወንዙ ከሜዳው ደቡባዊ ጫፍ በፏፏቴ ወርዶ ጥልቅ ገደል ውስጥ ይገባል። ለመቀዘፍ የሚቻለው ከፏፏቴው በታች ያለው ክፍል ነው። በፏፏቴው ግርጌ አዞዎች ይታያሉ።

መቼ ይኬዳል? ግድብ በሌለበት ወንዝ መልሱን የሚሰጠው ክረምቱ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ወንዙ ዛፍ እየነቀለ ይወርዳል፤ በየካቲትና በመጋቢት ደግሞ ድንጋዩ ወጥቶ ጀልባው ይጎተታል እንጂ አይቀዘፍም። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በመስቀል አደባባይ፣ ደመራው ከተለኮሰ በኋላ ያሉት ሳምንታት ውኃው ጎድሎ ግን ገና በቂ ሆኖ የሚገኝባቸው ናቸው። የድሮዎቹ የኦሞ ተጓዦችም መስከረምንና ጥቅምትን ይመርጡ ነበር። አዋሽ ላይ ግን ስሌቱ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ የወንዙን ሙላት ይቆጣጠራል፤ የወንጂና የመተሐራ የስኳር እርሻዎችም ከወንዙ ይጠጣሉ። ስለዚህ ፓርኩ ውስጥ ያለው የውኃ መጠን የሚወሰነው ከደጋው በዘነበው ብቻ ሳይሆን ከግድቡ በተለቀቀውና በመስኖ በተጠለፈው ጭምር ነው። ሰማዩ ጠርቶ፣ አንድም ጠብታ ሳይወርድ፣ ወንዙ በሌሊት ከፍ ሊል ይችላል። ቡድኑ ከመነሣቱ በፊት የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «አዋሽ ዘንቧል ወይ?» ሳይሆን «ከላይ ምን ያህል ውኃ ተለቋል?» የሚል መሆን አለበት።

ሁለተኛው ጥያቄ ፈቃድን ይመለከታል። በፓርክ ውስጥ ማደር፣ ጀልባ ማውረድና እሳት ማንደድ ያለ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዕውቀት አይደረግም። የታጠቀ የፓርክ ጥበቃ ሠራተኛ፣ በተለምዶ ስካውት የሚባለው፣ አብሮ ይሰማራል። የቀበሌና የወረዳ አስተዳደርንም ስለ ጸጥታው አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው። የ1962ቱ አደጋ የደረሰው በማዕበል ወይም በአውሬ አልነበረም።

ዝግጅቱ ከተማ ውስጥ ያልቃል፤ ከአዳማ በኋላ የጎደለውን መሙላት አስቸጋሪ ነው። ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ከሠራው «ካዛ ኢንቺስ» ነው። በ2017 ዓ.ም በተካሄደው የኮሪደር ልማት ብዙ ነዋሪዎቿ ወደ ሌላ ሰፈር ቢዛወሩም አካባቢው ዛሬም የሆቴሎችና የጽሕፈት ቤቶች መናኸሪያ ነው። ጎረቤቷ መስቀል አደባባይ ደግሞ የረጅም ርቀት አውቶቡሶች መነሻ በመሆን ይታወቃል። ከዚህ አካባቢ በንጋት የተነሣ መኪና በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ አድርጎ ከቀትር በፊት በረሃው ውስጥ ይገኛል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፦ የከተማ ልብ ይዞ፣ ሙቀቱን ሳይለምድ፣ በዚያው ቀን ወንዝ መግባት። ልምድ ያላቸው ቡድኖች የመጀመሪያውን ቀን ዕቃ በማሰርና በረጋ ውኃ ላይ በመለማመድ ያሳልፉታል።

ስንቁ ከባሕር ማዶ መምጣት አይኖርበትም። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ቋንጣ አይበላሹም፣ ቦታ አይይዙም፣ ማገዶም ብዙ አይፈልጉም። ገበሬውና ዘማቹ ይህን ከጥንት ያውቁታል። ከባዱ ሸክም ውኃ ነው። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ በዚያ ሙቀት የሚቀዝፍ ሰው ደግሞ በቀን ብዙ ሊትር ያስፈልገዋል። ስለዚህ የወንዙን ውኃ አጥርቶና አፍልቶ መጠጣት የማይቀር ይሆናል። ልብስና መድኃኒት ውኃ በማያስገባ ከረጢት ይታሰራል። ከባዱ ዕቃ ከጀልባው መሐል፣ ከታች ይቀመጣል፤ ከላይ ከተከመረ ጀልባው በቀላሉ ይገለበጣል። ማንኛውም ዕቃ በገመድ ይታሰራል፣ ሰው ግን በፍጹም አይታሰርም። የተገለበጠ ጀልባ ላይ የታሰረ ሰው አብሮ ይሰምጣል።

ወንዙ ላይ ሁሉም ሰው የሕይወት አድን ጃኬት ይለብሳል። ዋና የሚያውቅም ጭምር። በድንጋይ መካከል የሚናጥ ውኃ ከዋና ችሎታ በላይ ነው። ከጀልባ የወደቀ ሰው በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሮቹን ወደ ወራጁ አቅጣጫ ዘርግቶ ይንሳፈፋል፤ ድንጋይ ሲመጣ በእግሩ ይገፋል እንጂ በራሱ አይገጭም። ጥልቀት በሌለው ፈጣን ውኃ ውስጥ ለመቆም መሞከር ትልቅ ስሕተት ነው፤ እግር በድንጋዮች መካከል ከተሰነቀረ ውኃው ሰውየውን ወደ ፊት ደፍቶ ይይዘዋል። ከቡድኑ ጀልባዎች አንዱ ይመራል፣ አንዱ ከኋላ ይጠብቃል፤ ከመሪው ማንም አይቀድም፣ ከኋለኛው ማንም አይቀርም። የውኃው ድምፅ የሰውን ጩኸት ስለሚውጥ ምልክቱ በፉጨት መሣሪያና በመቅዘፊያ ይሰጣል። ከፊት የሚያጉረመርም ውኃ ተሰምቶ ዳገቱ ወይም ኩርባው እንዳይታይ ከከለለ ዳር ይዞ፣ በእግር ሄዶ አይቶ መመለስ ነው። የሚያሳፍር ነገር የለውም። ጀልባን ተሸክሞ ማለፍም የጉዞው አንድ ክፍል ነው።

ስለ አውሬዎቹ ከተባለ ብዙ ሰው የሚፈራው አዞን ነው፤ ከጉማሬ ግን እኩል መጠንቀቅ ይገባል። ጉማሬ ቀን ቀን ጥልቅ ውኃ ውስጥ ይውላል፣ ሲመሽ ለግጦሽ ወደ የብስ ይወጣል። የሚያጠቃው በአብዛኛው በእርሱና በጥልቁ ውኃ መካከል የገባን ነገር ነው። ስለዚህ ታንኳው ጥልቁን ትቶ ጥልቀት በሌለው ዳር ይጓዛል፤ የጀልባውን ጎን በመቅዘፊያ እያንኳኳ መምጣቱን ያሳውቃል። መንጋው ካልተንቀሳቀሰ ይጠበቃል። ለፎቶግራፍ ብሎ ግልገል ወዳላት ጉማሬ መጠጋት ድፍረት ሳይሆን አላዋቂነት ነው። አዞን በተመለከተ ደግሞ እጅና እግርን ውኃ ውስጥ አለመንከር፣ በወንዙ ዳር አጎንብሶ ዕቃ አለማጠብ፣ በአንድ ቦታ ደጋግሞ ውኃ አለመቅዳት ይመከራል። አዞ የሚመላለስበትን ሰው ያጠናል። ይህ ለእረኞችና ለውኃ ቀጂ ሴቶችም የሚሠራ ምክር ነው።

ሰፈር የሚመረጠው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። በረሃ የማያውቅ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በደረቁ የወንዝ አሸዋ ላይ ነው፤ ለስላሳና ለጥ ያለ ነውና። ነገር ግን ያ አሸዋ የደራሽ ጎርፍ አልጋ ነው። ዝናቡ ርቆ ካለ ተራራ ላይ ሊዘንብና ጎርፉ ጨረቃ በደመቀችበት ሌሊት ሊደርስ ይችላል። በሣሩ መካከል ወደ ውኃው የሚወርድ ሰፊ፣ የተረገጠ መንገድ ካለ ደግሞ የጉማሬ መውጫ ነው፤ ድንኳን አይተከልበትም። ከውኃው ራቅ፣ ከፍ ያለ ቦታ ይመረጣል። ወባ ስላለ አጎበር የግድ ነው። መጸዳጃ ጉድጓድ ከወንዙ ቢያንስ 60 ሜትር ርቆ ይቆፈራል፣ ከዚያም ይደፈናል። እርጥብ ዛፍ አይቆረጥም። በረጋና ሰው በሚመላለስበት የወንዝ ዳር መዋኘት ለቢልሃርዚያ ያጋልጣል፤ ምልክቱ ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ከጉዞ መልስ የታመመ ሰው ለሐኪሙ የት እንደነበረ መናገር አለበት።

ከፓርክ ውጪ ያለው የወንዝ ዳር ባዶ መሬት አይደለም። ለተጓዡ «ምድረ በዳ» የመሰለው ቦታ የአንድ አርብቶ አደር የበጋ ግጦሽ፣ የአንድ አርሶ አደር የመስኖ ጀማሪ ማሳ ነው። ከከብቶች ውኃ መጠጫ ላይ ድንኳን የተከለ ቡድን በማግሥቱ ጠዋት ጠብ ቢገጥመው ጥፋቱ የራሱ ነው። ሽማግሌ ፈልጎ፣ ሰላምታ ሰጥቶ፣ «እዚህ ብናድር ምን ይመስልዎታል?» ብሎ መጠየቅ የአገሩ ወግ ነው፤ ጥቅምም አለው። ወንዙ የት እንደሚከፍል፣ የትኛው ዳር አዞ እንደሚበዛበት፣ ትናንት ውኃው ምን ያህል እንደነበረ ከካርታ ይልቅ እረኛው ያውቃል። የአካባቢው ነዋሪም እንቁላልና ፍየል በመሸጥ፣ አህያና ግመል በማከራየት፣ መኪና በመጠበቅና መንገድ በመምራት ገቢ ያገኛል። ይህ ገቢ ግን በአንድ ሰው እጅ እንዳይቀር አስቀድሞ በማኅበር መደራጀት ይሻላል።

ከከተማው የሚወርደው ግን ተጓዥ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ወንዞች ላይ የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ፣ የፋብሪካ ተረፈ ምርትና ፕላስቲክ ይጣላል። ይህ ሁሉ በአቃቂ በኩል አባ ሳሙኤል ይገባል፤ በመንገዱም የአትክልት ማሳ ያጠጣል። በ2011 ዓ.ም ይፋ የሆነው የወንዝ ዳር ልማት 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍኑ ወንዞችን ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ለማጽዳትና ለማልማት ታስቦ የተጀመረ ነው። የዳርቻው መዋብ መልካም ነው፤ የወንዙ ጤና የሚለካው ግን በዳር በተተከለው አበባ ሳይሆን ከቧንቧው በሚወጣው ፍሳሽ ነው። ካዛንቺስ ቦይ ውስጥ የተጣለ የፕላስቲክ ጠርሙስ የታንኳ ተጓዡን ቆቃ ላይ ቢጠብቀው የሚያስገርም አይሆንም።

የጣና ዙሪያ አርሶ አደሮች በማጭድና በእጃቸው ሲታገሉት የኖሩት እምቦጭም ከዚህ የውኃ መሥመር ጋር ዝምድና አለው። አረሙ በኢትዮጵያ መኖሩ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ነው፤ በጣና የታየው ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እምቦጭ በፍሳሽ የበለጸገ ውኃ ሲያገኝ በፍጥነት ይራባል። ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፣ ቅጠሉና ሥሩም በጀልባ ወለል፣ በገመድ፣ በመቅዘፊያና በጫማ ተለጥፎ ወደ ሌላ ውኃ ሊሻገር ይችላል። በዚህም ምክንያት አዋሽ ላይ የዋለ ጀልባ ወደ ጣና ወይም ወደ ሌላ ሐይቅ ከመሄዱ በፊት እዚያው ወንዙ አጠገብ ጭቃው ይታጠባል፣ በውስጡ የቀረው ውኃ ይደፋል፣ ገመዱና ከረጢቱ ተፈትሾ ጀልባው ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ፀሐይ ላይ ይገለበጣል።